የፕላስቲኳ መኪና መስኮቶች

ፊደል ያልቆጠረ ሰው፣ ስሙን እንኳ በአውራ ጣቱ አሻራ የሚፈርም ሰው፣ ጋዜጣ በመኪና መስታወት ላይ ሲለጥፍ ሁልጊዜ ቀጥ አድርጎ የሚለጥፈው በምን አውቆ ነው?

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ፤ ዛሬም መልሱን አላውቅም። ሰውየው አባቴ ነው። ቡታጅራ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆመ የቆርቆሮ ዳስ ሥር መኪና ቀለም ይቀባ ነበር። ቀለም ከመረጨቱ በፊት መስታወቱም፣ መብራቱም፣ ቀለም እንዲነካው የማይፈለገው ነገር ሁሉ በአሮጌ ጋዜጣ ይሸፈንና ዳር ዳሩ በወረቀት ፕላስተር ይታሸጋል። ጋዜጣው ከገበያ በኪሎ የሚገዛ፣ ባለሱቆች ስኳርና ምስር የሚጠቀልሉበት ዓይነት ነው። የጎረቤታችን ጋራዥ ሲለጥፍ ግማሹ ተዘቅዝቆ፣ ግማሹ ተጋድሞ ይታያል። ምን ገዶት? ቀለም ሊረጭበትና ተቀዶ ሊጣል ነው። የአባቴን ግን አንድም ቀን ተዘቅዝቆ አላየሁትም። ፎቶ ያለበት ገጽ ሲሆን በሰውየው ራስ ለይቶት ይሆናል እላለሁ። ፎቶ የሌለበት፣ ከዳር እስከ ዳር ጽሑፍ ብቻ የሆነውስ? እሱም ቀጥ ብሎ ነው የሚለጠፈው።

ታዲያ ለምን አልጠየቅሽውም የሚል ይኖራል። ለመጠየቅ መጀመሪያ ሌላ ነገር መናገር ነበረብኝ። ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ እሱ "ይቺ ልጄ ምስኪን ፊደል አታውቅም" እያለ በሚያዝንልኝ ጊዜ፣ እኔ መስታወቶቹን አነብባቸው እንደነበር መንገር ነበረብኝ። ያ ነው ያልሆነልኝ።

የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። ታናናሽ ወንድሞቼ ደብተር ይዘው ሲሄዱ እኔ ባልዲና የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ከአባቴ ጋር እሄዳለሁ። ሌላ አጋዥ አልነበረውም፤ እጄም ቀጭን ስለነበር በበር ማጠፊያ ሥር፣ በመብራት ጉድጓድ ውስጥ እየገባ ይፍቃል። ክፋት አልነበረውም። በሰፈሩ የእኔ እኩዮች የሆኑ ሴቶች ልጆች ሁሉ አንዳንድ ነገር ይዘው ነበር፤ እነሱ እንስራ፣ እኔ የብርጭቆ ወረቀት።

በሚኒባሶቹ ግንባር ላይ የሚሄዱበት ከተማ ስም ይጻፋል። ባለቤቱ ጽሑፉ እንዳይጠፋበት ከፈለገ በፊደሎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ጠርዝ ጠርዙን በምላጭ መቁረጥ የእኔ ሥራ ነው። ቡታጅራ በሚሄድ መኪና ላይ የተጻፈው ቡታጅራ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም፤ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ ሲጮኸው ይውላል። አራት ድምፅ፣ አራት ምልክት። እንሴኖ ሌላ አራት አመጣልኝ፤ ወልቂጤ ሌላ አራት። የአገራችን ከተሞች ሁሉ አራት አራት ፊደል ያላቸው ይመስለኝ ነበር። የጎደለውን ወንድሞቼ ሞሉልኝ። ማታ ማታ ሀሁን እያዜሙ ሲያጠኑ የእያንዳንዱን ፊደል ቤተሰብ በጆሮዬ ለቀምኩት። ቀን በምላጭ ጫፍ የዞርኩትን ማታ ስሙን እሰማለሁ።

የመጀመሪያውን ሙሉ ወሬ ያነበብኩት ከእንሴኖ በመጣ አንድ ሰማያዊ በሚቀባ ሚኒባስ የጎን መስኮት ላይ ነው። በሩን በውሃ እየፋቅሁ ነበር፤ ጋዜጣው ከዓይኔ ፊት ለፊት ነው። የውሃ ጉድጓድ ስለሚቆፍሩ የአንድ መንደር ሰዎች ይላል። ቀን ከሌት ቆፍረው፣ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ የአንዱ አካፋ ጠንካራ ነገር መታ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ ይላል፤ ከዚያ ፕላስተር ነው። ቀሪው በሌላው መስኮት ላይ ይኖር እንደሆነ ብዬ መኪናውን ዞርኩ። የለም። ወደ ኋላ መስታወት ሄድኩ። የለም። ደግሜ ዞርኩ።

"አንቺ ልጅ!" አለ አባቴ ቀለም ከሚበጠብጥበት ጣሳ ቀና ብሎ፣ "እንደ አውድማ በሬ ምን ያዞርሻል?"

"በዚያ በኩል ያልተፋቀ ነገር አለ እንዴ ብዬ ነው።"

"ካለ ፍቂው፤ ከሌለ ውሃ አምጪ።"

ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ምን እንዳዩ ዛሬም አላውቅም።

ትምህርት ቤት የገባሁት አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። የዓረፋ ሰሞን ነበር። ከአዲስ አበባ ለዓረፋ የሚመጣው ሰው፣ ከዚህም ዘመድ ጥየቃ የሚሄደው፣ መኪናውን አሳምሮ መታየት ስለሚፈልግ በዓመቱ ውስጥ ሥራ የሚበዛብን ጊዜ እሱ ነው። ሥራው አልቆ እጃችንን ስንታጠብ አባቴ ያለ ምንም መንደርደሪያ "ከበዓሉ በኋላ የማታ ትምህርት ትገቢያለሽ" አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም ደስታዬ አፌን ዘጋው።

የማታው መምህር ከሰሜን የመጣ፣ ረጅም፣ ሳል የማይለየው ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ሁሉ ማንበብ እችል ነበር። አላነበብኩም። እያንዳንዱን ፊደል እንደ አዲስ እንግዳ አየሁት፤ ሆን ብዬ ተደናቀፍኩ። ቡታጅራ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው ከመምህሩ ወደ አባቴ ለመድረስ የአንድ ሻይ ጊዜ ይበቃዋል። "ልጅህ ለካ ማንበብ ትችል ኖሯል" ቢሉት ምን ይሰማዋል? አብራኝ ስትፍቅ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ጥማቷን አላየሁላትም ብሎ ይቆጫል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ተማርኩ፤ ቀስ ብዬም እንኳ ሁሉን ቀደምኩ።

አባቴ ግን ቤቱ አልበቃው አለ። መኪና ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ "በሁለት ወር! በሁለት ወር አስነበባት! መምህር ማለት እንዲህ ነው እንጂ" ይላል። አንድ ቀን የመምህሩን ብስክሌት ከትምህርት ቤት በራፍ በግድ ወስዶ እንደ ሙሽራ ቀባና መለሰለት። መምህሩ "ኧረ እኔ ምንም አላደረግሁም፣ ልጅትዋ ራስዋ ናት" ሲለው አባቴ ትሕትና መሰለው፤ ይበልጥ ወደደው። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልንገረው? ደስታውን ከእጁ መንጠቅ ይሆንብኝ ነበር። ዝም አልኩ። ዝምታው እንደ ቀለም ነው፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተደረበበት ሄደ።

አሁን ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴን ወደ እኔ አመጣሁት፤ የቸሃን ደጋ አቋርጠን ስንመጣ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ካርቶን ከጭኑ አላወረደም። ያን ጊዜ ዓይኑ ገና ጥላ ጥላውን ይለይ ነበር። ሐኪሞች የዓይን ግፊት ነው አሉ። ዘንድሮ ጥላውም ጠፋ። እሱን ተቀብዬዋለሁ፤ ያስፈራኝ ሌላው ነው። አልፎ አልፎ እኔን በእናቴ ስም መጥራት ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት "ዳሱን ማን ከፈተው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ዳሱ ከፈረሰ ቆይቷል። ያን ቀን ለራሴ አልኩ፤ የምጠይቀው ጥያቄ ካለ አሁን ነው። ጥያቄው እኔ ዘንድ እያለ መልሱ ከእሱ ዘንድ ሊሄድ ነው።

በካርቶኑ ውስጥ ያለችው አንዲት የፕላስቲክ መኪና ናት፤ ርዝመቷ ክንድ አይሞላም። ድሮ መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ የውጭ አገር ሰው ማታ ማታ ቁርጥራጯን እየገጣጠመ የሠራት ናት፤ ሲሄድ ለአባቴ ትቶለት ሄደ። ኮፈኗ ይነሣል፣ አራቱም በሮቿ ይወጣሉ፣ ጣሪያዋም ይነቀላል። ሌላ ሰው ቢሆን ቡፌ ላይ ያስቀምጣት ነበር። አባቴ ሥራ አስገባት። የደንበኛን ቀለም ሲበጠብጥ መጀመሪያ የሷን ኮፈን ወይም በር ይቀባና ከትልቁ መኪና ጎን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያስተያያል። ካልተመሳሰለ እንደገና ይበጠብጣል። ስለዚህ ባለፉት ዓመታት በቡታጅራ የተቀባው መኪና ሁሉ እሷም ላይ አለ፤ አንዱ በአንዱ ላይ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ በረንዳው ላይ መኪናዋን በሁለት እጁ ይዞ እየዳበሳት አገኘሁት።

"ይቺ ሳሙና ሆናለች" አለኝ።

"እንዴት?"

"ንኪያታ። በሩ ከየት ይጀምራል? መያዣው የታለ? ፊቷ ላይ ያ የራዲያተሩ ሽንሽን የታለ? ዓይን እያለኝ አላስተዋልኩም። ቀለም በቀለም ላይ ስደርብ ውስጧን ቀበርኩት።" መኪናዋን ወደ እኔ ዘረጋና "ቀለሟን ግፈፊልኝ። ቆዳዋን ልንካው" አለ።

ክረምት ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን ክርክራችን በቲነር ላይ ነበር። "ጨርቅ ቲነር ውስጥ ንከሪና ጥረጊው፣ አለቀ" ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ከብረት ላይ ቀለም ያወረደው በዚያ ነው። እኔ ደግሞ ፕላስቲክ ብረት አይደለም እላለሁ።

"አንቺ ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ አየሽ?"

"አላየሁም። ግን ቲነሩ የጠርሙሱን ክዳን ሲያቀልጠው አይቻለሁ።"

"ክዳኑ ርካሽ ነው። ይቺ የፈረንጅ ፕላስቲክ ናት።"

በትርፍ ጎማዋ ላይ እንሞክር ብዬ አስማማሁት፤ ባትኖርም የማትጎዳ ክፍል ናት። ቲነር የነካ ጨርቅ አስጠጋሁባት፤ ቀለሙ ወዲያው ተነሣ። ደስ ብሎኝ ጠበቅ አድርጌ ስይዛት አውራ ጣቴ እንደ ቅቤ ውስጥ ሰመጠ። በነጋታው ደርቃ ስትጠነክር የጣቴ አሻራ፣ መስመሮቹ ሳይቀሩ፣ እዚያው ታትሞ ቀረ። አባቴ ዳበሰውና "ይሄ ምንድነው?" አለ።

"ጣቴ ነው።"

"ፈረምሽባታ!" ብሎ ሳቀ። "እንግዲህ እንደ እኔ ሆንሽ።"

በሁለተኛው ቀን ኮፈኗን አንሥቼ አንድ ጥግ ላይ፣ ልጅ ሆኜ እንዳስተማረኝ፣ ውሃ እያስነካሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅሁ። ምን ያህል ድርብርብ እንዳለባት ማየት ፈልጌ ነው። የተፋቀው ቦታ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ክብ በክብ ሆኖ ተከፈተ።

"ምን ይታይሻል?" አለ፤ አንገቱን ወደ ድምፄ አዘንብሎ።

"የላይኛው ነጭ ነው።"

"የክሊኒኩ ላንድክሩዘር። የመጨረሻ ሥራዬ ነው።"

"ቀጥሎ አረንጓዴ። እንደ እንሰት ቅጠል።"

"ከሥሩ ቀይ አለ አይደል?"

ደነገጥኩ። "አለ።"

"የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ቀለሞች ናቸዋ። ቀይ ቀባልኝ አለ፣ ቀባሁለት። ሚስቱ ወጥታ አየችና 'ምነው፣ እሳት አደጋ ልትቀጠር ነው?' አለችው። በሳምንቱ አረንጓዴ አደረግነው። ወላሂ፣ ቀዩ ያምር ነበር። ከቀዩ ሥርስ?"

"ብርማ። ከዚያ..." ኮፈኑን ወደ ብርሃን አዞርኩት።

"ከዚያስ?"

"ሰማያዊ።"

"ምን ዓይነት ሰማያዊ? ሰማያዊ ብቻ አይባልም።"

"ዝናብ ካባራ በኋላ እንዳለ የጠዋት ሰማይ።"

"ይኸውልሽ፣ የእንሴኖው ሚኒባስ!" ፊቱ በራ። ዕቃ ጠፍቶበት ድንገት በእጁ እንደ ነካ ሰው ነበር። ያን ቀን ጠዋት እኔን በእናቴ ስም የጠራ ሰው፣ የቀለሞቹን ቅደም ተከተል አንድም አልሳተም።

ልንገረው? አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። "አንቺ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ነበርሽ። ትምህርት እንኳ አልጀመርሽም። ኋላ ያ መምህር፣ አላህ ነፍሱን ይማረው፣ በሁለት ወር..." እያለ የሚያውቀውን ታሪክ ጀመረ፤ ብስክሌቱ ጋ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ሳቀ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ቲነር ካልሆነ በምን እንደምናወርደው የመጣልኝ ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ሳይሆን ወጥ እየሠራሁ ነው። በዳሱ ዘመን አባቴ የሚረግመው አንድ ነገር ነበር። ፍሬን የሚጠግን መካኒክ ወደ እኛ ሲጠጋ በድንጋይ የሚያባርረው ይመስል ነበር፤ አንድ ጠብታ የፍሬን ዘይት አዲስ ቀለም ላይ ከወደቀች ቀለሙን አሳብጣ ታነሣዋለች። አንዴ አንዱ መካኒክ ገና ትናንት በተቀባ ኮፈን ላይ አንጠባጥቦ፣ አባቴ እርጥብ ጨርቅ ይዞ እስከ አስፋልቱ ድረስ አሯሯጠው። የመካኒኩ መፍቻ የፕላስቲክ እጀታ ግን ዕድሜውን ሙሉ በፍሬን ዘይት እየተነከረ ምንም ሲሆን አላየሁም።

"አባባ፣ የፍሬን ዘይት ቢሆንስ?"

"አስተግፊሩላህ! ያንን ሰይጣን ቤቴ ልታስገቢ?" አለ። ወዲያው ግን ጣቶቹ ጭኑ ላይ መምታት ጀመሩ፤ ሲያስብ እንዲህ ነው። "...ቀለም ይበላል። ፕላስቲክ ግን... እጀታውን ሲበላው አላየሁም።"

"እኔም እሱን ነው ያሰብኩት።"

"እንግዲህ ሰይጣንም ለአንድ ቀን ሥራ ያግኝ።"

የመለዋወጫ ሱቁ ሻጭ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እትዬ፣ መኪናው ምን ዓይነት ነው?" አለ። በሁለት መዳፌ መጠኗን አሳየሁት። "ይቺን ታክላለች።" ሳቀና "ታዲያ ፍሬኗ እምቢ ቢላት በእጅዎ ያስቆሟታል!" አለኝ። ሳቄን ይዤ ጠርሙሱን ተቀበልኩ።

መጀመሪያ ከመቀመጫ ጀርባ ያለች የማትታይ ቁራጭ ነከርኩ። አላመንኩትም፤ አንድ ቀን ሙሉ ጠበቅሁ። ቀለሙ አበጠ፣ ተሸበሸበ፤ ፕላስቲኩ ግን እንደ ነበረ ነው። ከዚያ ነው በሮቹን፣ ኮፈኑን፣ የቀረውንም ሁሉ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በተርታ ያስተኛኋቸው። ጓንት አድርጌ ጠዋትና ማታ አገላብጣቸዋለሁ። አባቴ በበረንዳው በኩል ሲያልፍ ቆም ይልና "ይሸተኛል ጠላቴ" ይላል። "ደረሰ?" "ገና ነው።" "አትቸኩዪ። ችኮላ ያለበት ቀለም ቤት ይገባል፣ ጋብቻ አይሆንም።" ይህ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም፤ ግን አልቸኮልኩም።

ቀለሙ የተነሣው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ነው፤ ድርቡ ሁሉ ተያይዞ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ቅጠል። ከሰማያዊው አንድ ቅንጣቢ አጠብኩና ለብቻ አስቀመጥኩ። የቀረውን ማጠብ የሁለታችን ሥራ ሆነ። ዘይቱን ደጋግሜ ካስለቀቅሁ በኋላ የሳሙና ውሃ ሞልቼ ሳፋውን በመካከላችን አደረግሁ፤ ለእሱ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ሰጠሁት። ዓይኑ ባያይም እጁ ሥራውን ያውቃል። ጥግ ጥጉን ይፈልጋል፣ በጥፍሩ ጫፍ ይፈትሻል፣ "እዚህ ጋ ቀርቷል" ብሎ ይመልስልኛል። እኔ ዓይኔ እያለ ያለፍኩትን እሱ በጣቱ ያገኘዋል፤ እኔ ደግሞ እሱ አጥብቆ የሚፍቀውን "ተው አባባ፣ ቀጭን ነው ይሰበራል" እላለሁ።

የፊት በሩን ሲፍቅ እጁ ቆመ።

"ያዢልኝ ብሩሹን።" በአመልካች ጣቱ ጫፍ አንዲት ነጥብ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ። "ይኸው መያዣው። የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ አላት! ይኸው እኮ፣ ከሥሩ።" ጣሪያዋን አመጣሁለት፤ የዝናብ ውሃ መውረጃ መስመሩን አገኘ። ፊቷን አመጣሁለት፤ ሽንሽኑን በጥፍሩ እንደ ክራር መታው። ዓይኖቹ ወደ ምንም አያዩም ነበር፤ ከንፈሩ ግን እንደ ልጅ ተከፍቷል። ሳሙናው እጁ ላይ እስኪደርቅ ድረስ አላስነሣሁትም።

ቀለም ሳንቀባት እንተዋት ብዬ ነበር። "ራቁቷን?" አለኝ። "ሁለት እጅ ቀቢያት፣ ስስ አድርገሽ። መስመሮቹን እንዳትደፍኚብኝ ብቻ።" ምን ዓይነት ቀለም ትወዳለህ ስለው "የሚያየው ሰው ይምረጥ" አለ። ያስቀመጥኩትን ሰማያዊ ቅንጣቢ ወደ ቀለም ቤት ይዤ ሄድኩ፤ ሦስት ጊዜ አስበጥብጬ፣ በሦስተኛው ፀሐይ ላይ አስተያይቼ ተስማማሁ። ቤት ስመለስ "የእንሴኖውን ነው" አልኩት። "ደግ ቀለም ነው" አለ። ሌላ አልጨመረም።

ክፍሎቿን መልሰን ገጠምን፤ የቀረው መስኮቶቹን መሸፈን ነበር። መስኮቶቿ ከየበሮቿና ከአካሏ ጋር የተጣበቁ ስለሆኑ አይወጡም፤ እንደ ትልቅ መኪና መታሸግ አለባቸው። "እሱን ለእኔ ተዪው" አለ። ከቤተ መጻሕፍቱ ያመጣሁትን አሮጌ ጋዜጣ ሰጠሁትና በጠረጴዛው ማዶ ተቀመጥኩ። በጣቱ መስኮቱን ይለካል፣ ወረቀቱን ያጥፋል፣ በእጥፋቱ ይቀድዳል፤ ፕላስተሩን በጥርሱ ይቆርጣል። የወዲያኛውን የጎን መስኮት ጨረሰ። ከዚያ ከዚያው ገጽ ሌላ ቁራጭ ቀድዶ በእኔ በኩል ያለውን ሸፈነ።

አየሁት። ተዘቅዝቋል።

ዓይን የሌለው ሰው ሌላ ምን ሊያደርግ? አውቃለሁ። ግን እጁ ብቻውን ያውቀው ይሆናል የሚል የሞኝ ተስፋ ነበረኝ መሰለኝ። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ፕላስተሩን ቀስ ብዬ ነቀልኩ። ድምፁን ሰማው።

"ምነው? አልያዘም?"

"ይዟል።"

"ታዲያ ምን ትነቅያለሽ?"

"ተዘቅዝቆ ነው፣ አባባ።"

"ምኑ?"

"ጽሑፉ።"

"ቀለም ሊረጭበት ላለ ነገር፣ ስለ ጽሑፉ ምን አስጨነቀሽ?"

እዚህ ላይ ነው የነገርኩት። ሳልዘጋጅ፣ ቁራጯን ወረቀት በጣቶቼ እንደያዝኩ። "እኔ ማንበብ የተማርኩት ከመምህሩ አይደለም። ካንተ መስታወት ላይ ነው" አልኩት።

አውራ ጣቱ ጣሪያዋ ላይ እንደተጫነ ቀረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር፤ በዝናቡ ውስጥ ትንፋሹን ለመስማት ሞከርኩ።

"የትኛው መኪና ላይ?" አለ በመጨረሻ።

"የእንሴኖው ላይ። ከዚያ በፊትም በጥቂት በጥቂቱ።"

"ከዚያ በፊትም።"

"ሁልጊዜ ቀጥ አድርገህ ስለምትለጥፈው ነው እኮ የቻልኩት። የሌሎቹ ይዘቀዘቃል፤ ያንተ አንድ ቀን አልተዘቀዘቀም። በምን ታውቀው ነበር?"

"ጋዜጣ ደግሞ ራስና እግር አለው እንዴ?" አለ። ይህን ሲል ፊቱን ዝናቡ ወደሚመጣበት አዙሮ ነበር፤ ይሳቅ አይሳቅ አላየሁም።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ቆይ እንጂ። እያነበብሽ ነው ዝም ያልሽኝ?"

"እንዳይከፋህ ብዬ ነው። ቶሎ ስላላስተማርከኝ ትቆጫለህ ብዬ..."

"እሱንማ ስቆጭ ኖሬ የለ። እሱን አይደለም የምልሽ።" እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። "ያን ሁሉ ዘመን ምን እንደሚል ሳላውቅ ስለጥፍ ኖርኩ። ስለጥፍ፣ ስቀባ፣ ስቀድድ። ስንት ነገር ይል ይሆን እያልኩ። አንቺ አጠገቤ ሆነሽ ታዪው ነበር። አንድ ቀን እንኳ፣ 'አባባ፣ እዚህ ላይ እኮ እንዲህ ይላል' አትይኝም?"

ለብዙ ዓመት የፈራሁትን ሁሉ በየወገኑ አስቤው ነበር፤ ይሄኛውን ግን አንድ ቀን አላሰብኩትም።

"በይ አሁን አንብቢልኝ" አለ።

"የቱን?"

"የዘቀዘቅሁትን።"

መነጽሬን አደረግሁ። ወረቀቷ ከመዳፌ ታንሳለች። "'ወንዙ በድንገት ስለሞላ'" ብዬ አነበብኩ፣ "'ሙሽሮቹ ከወዲህ፣ ሰርገኞቹ ከወዲያ ማዶ ቀሩ። ምግቡ ያለው በሰርገኞቹ በኩል ነበር።'"

"አይ መከራ" አለ እየሳቀ። "እሺ?"

"'ጊዜው እየመሸ ሲሄድ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች በጩኸት ተመካክረው...'"

"ተመካክረውስ?"

"እዚህ ጋ ተቀድዷል።"

ከዚያ በዳሱ ዘመን ከቀለሙ ጣሳ ቀና ብሎ ሲያዘኝ በነበረው በዚያው ድምፅ "የቀረው በወዲያኛው መስኮት ላይ ይሆናል" አለ። "ዙሪና እይ።"

መኪናዋ ክንድ አትሞላም፤ በአንድ ጣት ገፋ ባደርጋት ትዞርልኝ ነበር። እኔ ግን ተነሣሁና ጠረጴዛውን ዞርኩ።